የግራ ቋጠሮ

ማንኮራፋቱ ሲቆም የኒሚያ እጅም ቆመ።

መርፌዋን ከጨርቁ ሳትነቅል ጆሮዋን ወደ ግድግዳው ጣለች። ከወዲያኛው ክፍል አልጋው ተንቋቋ። ወንድ አያቷ ተገላበጡ፣ አንዴ ሳል አሉ፤ ከዚያ ዳገት እንደከበደው የጭነት መኪና ጥቂት ተንተፋትፈው እንቅልፋቸውን ቀጠሉ። ኒሚያ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች።

ጊዜው ቀትር ነው። በኢታውጉዋ ከተማ በዚህ ሰዓት ውሻ እንኳ አይጮኽም፤ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፣ ሰው ሁሉ ይተኛል። «በቀትር የሚንቀሳቀስ ወይ ሌባ ነው ወይ መንፈስ ነው» እያሉ ልጆችን ከቤት እንዳይወጡ ያስፈራሯቸዋል። ኒሚያ ሌባም መንፈስም አይደለችም። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከትምህርት ቤት ከተመለሰች ገና የደንብ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም።

ፊት ለፊቷ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ በእንጨት ፍሬም ላይ የተወጠረ ነጭ ጨርቅ አለ። በጨርቁ ላይ ድሮቹ ከመሐል ወደ ዳር እንደ ፀሐይ ጨረር ተዘርግተዋል፤ ማጉ በድሮቹ መሐል በመርፌ እየተመላለሰ አበባ ያወጣል። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ የሚሠሩት ዳንቴል ነው። ኛንዱቲ ይሉታል፤ የሸረሪት ድር እንደማለት።

አያቷ ጠዋት የሠሩት የጓቫ አበባ ተበላሽቷል። ሁለቱን ድር እንደ አንድ ቆጥረው ማጉን አሳልፈውበታል፤ አበባው አንድ ወገኑን ፍየል የነከሰው ይመስላል። ኒሚያ በመርፌ ጫፍ ተረተረችው። ከዚያ በግራ እጇ እንደገና ሠራችውና ክሩን ወደ ግራ ጠምዝዛ ቋጥራ በጥርሷ በጠሰችው። አሁን አበባ ሆነ። ወንበሩን እንደነበረ መልሳ በባዶ እግሯ ወጣች።

አያቷ ዶን አናስታሲዮ ዕድሜያቸውን ሥጋ ቤት የፈጁ ሰው ናቸው። ጣታቸው እንደ ካሳቫ ሥር የወፈረ ነው፤ የአንዱን ጫፍ መጥረቢያ በልቶታል። ሚስታቸው ሴፌሪና በዚያው መስኮት ሥር አርባ ዓመት ሙሉ ዳንቴል ሲሠሩ፣ እሳቸው በር ላይ ደም ያለበት ሽርጣቸውን እየፈቱ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ምሳ ደርሷል?»

አምና ሴፌሪና ሞቱ። የጀመሩት ዳንቴል በፍሬሙ ላይ እንደተወጠረ ቀረ። ከዘጠኝ ቀኑ የሐዘን ጸሎት በኋላ የጸሎት ቤቱ ሴቶች «እኛ እንጨርስልዎ» ብለው ቢለምኑ ዶን አናስታሲዮ እምቢ አሉ። አንድ ቀን ከሣጥን ውስጥ ሴፌሪና የሠሯትን ትንሽ የዳቦ መሸፈኛ አወጡና በመርፌ ጫፍ ይፈቷት ጀመር።

የኒሚያ እናት ዙኒልዳ ስታይ ጮኸች። «አባዬ! ምን ሆኑ? የእማዬን የእጅ ሥራ!»

«ተዪኝ» አሉ አንገታቸውን ሳያቀኑ። «በሬ እንዴት እንደተገጣጠመ ያወቅሁት ብልቱን ሳወጣ ነው። ይህንንም ሌላ መንገድ አላውቅለትም።»

እንባቸው አፍንጫቸው ላይ እየወረደ፣ አንዷን ቋጠሮ ከሌላዋ እየለዩ ፈቱ፣ ፈቱ። ሲጨርሱ መዳፋቸው ላይ የቀረው እፍኝ የማይሞላ ክር ነበር። በማግሥቱ ከፍሬሙ ፊት ተቀመጡ።

መጀመሪያ ለሐዘን ነው ብለው ነበር ሁሉም። አልነበረም። ሰውዬው ወደዱት። ምሳ ላይ ስለ ሥጋ ማውራት ትተው ስለ ቀለም ማውራት ጀመሩ፤ ቀዩ ክር ከብጫው አጠገብ ሲሆን እንዴት እንደሚሞቅ፣ ኩይሳ የሚባለውን ቅርጽ ለማውጣት ማጉን የት ላይ ማጥበቅ እንደሚያስፈልግ። አንዴ መርፌያቸውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው፣ «እኔ እኮ ለቢላ ብቻ የተፈጠርኩ ይመስለኝ ነበር» አሉ፤ ለማንም አልነበረም የተናገሩት።

ጎረቤታቸው ሩፊኖ በአጥር ላይ ሆኖ ሳይተርባቸው አይውልም።

«ዶን አናስታሲዮ! ያረዷቸው ላሞች ቀሚስ አዘዙ እንዴ?»

«የአንተ ከፈን ነው! ና ቁመትህን ልለካ!»

ይህ ሁሉ ዓይናቸው ላይ ሞራ ከመውጣቱ በፊት ነበር። ሞራው እያደር ወፈረ። ድር ከድር መለየት አቃታቸው። መበላሸቱን ሰው ሳይነግራቸው አንድ የጨረሱትን ክብ ዳንቴል ለመንበር ልብስ ይሁን ብለው ወደ ጸሎት ቤቱ ሴቶች ወሰዱ፤ ሴቶቹም ተቀብለው አመሰገኑ። ደጃፉን ሳያልፉ ግን ሳቃቸውን ሰሙ። ቤት መጥተው ፍሬሙን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞሩት። ለብዙ ቀን አልነኩትም፣ ምግብም በወጉ አልበሉ። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ሲቀመጡ ኒሚያ የቀትር ሥራዋን ጀመረች። ማንም ይስቅባቸው ዘንድ አልፈለገችም። ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

---

ማታ ዙኒልዳ የቺፓ ዳቦ የምትሸጥበትን ቅርጫት ጥላ ገና ሳትቀመጥ፣ «ተራ አገኘሁ!» አለች። «የሚመጣው ሐሙስ፣ አሱንሲዮን፣ ሆስፒታል። ሞራውን በአንድ ቀን ያነሱታል አሉኝ።»

ዶን አናስታሲዮ በቀንድ ዋንጫ የያዙትን ቀዝቃዛ የቅጠል መጠጥ፣ ተሬሬውን፣ ሳብ አደረጉ። «አልሄድም።»

«ምን ማለት ነው አልሄድም? ይህ ተራ ካለፈ መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም። ሐኪሙ ሲቆይ ይጠነክራል፣ ኋላ ማንሳቱ ያስቸግራል አላለም?»

«ዓይኔ ደህና ነው። መስኮቱ ነው የቆሸሸው። ይህች ልጅ መስኮት አትወለውልም።»

ኒሚያ መስኮቱን በዚያው ጠዋት ወልውላዋለች።

«አባዬ፣ ትናንት ማንን ነው ‹እንዴት አመሹ› ያሉት?» አለች ዙኒልዳ።

«እንግዳ ነበረ። ሰላምታም ነውር ሆነ?»

«ኮት ነው! የተሰቀለ ኮት!»

«እሱም ቢሆን ካንቺ የተሻለ ጨዋ ነው፤ አይጮኽብኝም» ብለው ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዘወር አሉ። «ኒሚያ፣ ነይማ።»

ተከተለቻቸው። ከፍሬሙ አጠገብ ሲደርሱ በሩን እንድትዘጋ በእጃቸው አመለከቷት። ከዚያ ጣቷን ያዙና ቀትር ላይ በሠራችው የጓቫ አበባ ላይ አሳረፉት።

«ዳስሺ። ቋጠሮው ወዴት ነው የዞረው?»

ኒሚያ ጣቷን ሳብ አደረገች፤ አልለቀቋትም። «ወደ... ግራ።»

«ወደ ግራ» አሉ በሹክሹክታ። ፊታቸው የልጅ ፊት መስሏል። «የእኔ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው። ያንን ዳቦ መሸፈኛ ስፈታ አንድ በአንድ ዳስሼዋለሁ፤ የእሷ ሁሉ ወደ ግራ ነበር። ግራኝ አልነበረችም? በዚህ ሰፈር ሌላ ግራኝ ዳንቴል ሠሪ የለም። አንቺም ግራኝ ነሽ፤ አንቺ ግን መርፌ አትወጂም።»

እውነት ነው፤ ኒሚያ መርፌ ከጣለች ቆይታለች። ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ «የአሮጊት ሥራ ነው፤ ሼም ነው» ብላ ተወችው። ከዚያ በፊት ግን ሴፌሪና እጅ ሥር ስንት ዓመት እንደተቀመጠች ቀኑን ሥጋ ቤት የሚውሉት ሰውዬ አያውቁም።

«ትመጣለች፣ ኒሚያ» አሉ። «በቀትር፣ እኔ ስተኛ። ያበላሸሁትን ታቃናልኛለች። በሕይወት እያለች አንድ ቀን ‹እስቲ አሳይኝ› ብያት አላውቅም። አሁን ራሷ መጥታ ታሳየኛለች። ለእናትሽ እንዳትነግሪ፤ አብዷል ብላ ታስጠብለኛለች። ግን ንገሪኝ፣ እንዴት ብዬ ነው ሆስፒታል የምሄደው? የምትመጣው እኮ ስለማላይ ነው። ካየሁማ ለምን ትመጣለች?»

አያቷ ጣቷን እንደያዙ አበባውን ደጋግመው ዳሰሱት።

---

«በቃ ዝም በያ!» አለች ማቤል በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ። የሚደባበቁት ነገር የሌላቸው ጓደኛሞች ናቸው። «ሽማግሌው ደስ ብሎታል። ምን አስጨነቀሽ?»

«ዓይኑ ይጠፋል፣ ማቤል። ለሁልጊዜ።»

ማቤል በጫማዋ ጠጠር መታች። ቀዩ አቧራ ነጭ ካልሲያቸው ላይ አረፈ። «እሱስ ልክ ነሽ። ግን ከነገርሽው ሴትዮዋ ሁለተኛ ትሞትበታለች። እኔ ብሆን አልችልም። ፈሪ ነኝ፤ ታውቂኝ የለ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አቦ፣ ቀላል ነው። መጠገኑን ተዪው። መምጣት አቆመች ይልና ራሱ ይሄዳል። ምንም ሳትናገሪ።»

ኒሚያ ይህን ስትሰማ ደረቷ ቀለል አላት። ምንም ሳትናገር! በዚያን ቀን ቀትር ወደ ፍሬሙ አልሄደችም። አልጋዋ ላይ ተጋድማ የጣሪያውን ቆርቆሮ ስታይ ዋለች። በማግሥቱም አልሄደችም።

በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቷ ምሳ አልበሉም። እሑድ ለጸሎት ብቻ የሚለብሱትን ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ እናቷ ለምን ብላ ጠይቃቸው ወደ ሥራዋ ሄዳለች። ኒሚያ ኮሪደሩ ላይ እንደቆመች ድምፃቸውን ሰማች። ከፍሬሙ ፊት ቆመዋል። ወንበሩ ባዶ ነው። የሚያናግሩት ግን ወንበሩን ነው።

«ምን አስቀየምኩሽ?» ይላሉ ቀስ ብለው። «ለልጅቷ ስለነገርኳት ነው? ሌላ ሰው አልነገርኩም። ትናንት የሠራሁትን ዳሰስኩት፤ እንደተበላሸ ነው። ዛሬም እንደተበላሸ ነው። ምሳ ላይ ስጮኽብሽ የነበረውን አስበሽ ከሆነ... እኔ እንዲህ ያለ ሥራ መሆኑን አላወቅሁም ነበር፣ ሴፌሪና። ማን ነገረኝ? አንቺም አልነገርሽኝ።» የወንበሩን መደገፊያ ዳበሱ። «እሺ፣ ነግረሽኝ ይሆናል። አልሰማሁሽም።»

ኒሚያ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ማቤል ቀላል ነው ያለችው ይህን ነው።

---

ቀትር ሆነ። ዶን አናስታሲዮ አልተኙም። ሸሚዛቸውን እንደለበሱ፣ ሴፌሪና ስትመጣ እንዳትደነግጥ ብለው ከበሩ መጋረጃ ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ኒሚያ መጋረጃውን አልፋ ገብታ ከፍሬሙ ፊት ተቀመጠች።

«ማነው?» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ውጪ! ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? በዚህ ሰዓት—»

«ይምጡ። አጠገቤ ይቀመጡ።»

በድምፅዋ ውስጥ የሆነ ነገር ሰምተው ነው መሰል፣ በርጩማቸውን እየጎተቱ መጡ። ኒሚያ ከባዱን እጃቸውን አንሥታ በግራ እጇ ጀርባ ላይ አኖረችው። ከዚያ መርፌውን አነሣች።

ማጉን በድሮቹ ላይና ታች አሳለፈች፣ መለሰች፣ አጠበቀች። የአያቷ እጅ መጀመሪያ እንደ ዕቃ ተጭኗት ነበር። ቆይቶ እንቅስቃሴዋን መከተል ጀመረ፤ ጣቶቻቸው ከጣቷ ጋር ወጡ፣ ወረዱ። አበባው ሲያልቅ ክሩን ጠመዘዘችው፤ ወደ ግራ። ቋጠረችው።

በእጇ ላይ ያለው እጅ ደረቀ።

አልጮኹም። ቢጮኹባት ይሻላት ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ በኋላ።»

«ማን አስተማረሽ?»

«እማማ ናት። ትንሽ ሆኜ።»

«እ።» እጃቸውን አነሡና ጭናቸው ላይ አኖሩት። «ደኅና አድርጋ አስተምራሻለች።»

«አባባ፣ እኔ እንዳይስቁብዎት ብዬ...»

«አንድ ቀንም አልመጣችም?»

ኒሚያ አንድ ቀን መጥታለች ብትል ምን ይጎዳል? አንድ ቀን ብቻ። አያቷ ዓይናቸውን፣ ያንን በወተት የተሸፈነ የሚመስል ዓይናቸውን፣ ወደ ድምፅዋ አቅንተው ይጠብቃሉ።

«አልመጣችም፣ አባባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነሥተው ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ጓሮ ወጡ፤ ማንጎው ሥር ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው ተቀመጡ። ቀኑ ቀዝቀዝ ሲል ሩፊኖ ብቅ አለ። «ዶን አናስታሲዮ! ነጭ ሸሚዝ! ሙሽራዋ ማናት?» ብሎ ሳቀ። ዶን አናስታሲዮ ፊታቸውን አላዞሩም። እጁን ከአጥሩ ላይ አንሥቶ ቀስ ብሎ ወደ ቤቱ ገባ።

---

ከዚያ በኋላ አያቷ ወደ ፍሬሙ አልቀረቡም። ኒሚያ ምግብ ስታቀርብላቸው ያመሰግኗታል፤ ከዚያ ያለፈ የለም። ዙኒልዳ ልጇን ወጥ ቤት ይዛ፣ «ምን አልሻቸው?» ብትላት «እውነቱን» አለቻት። ዙኒልዳ የቀረውን ከሰማች በኋላ ለረጅም ጊዜ አንድ ሳህን ስታጥብ ቆየች።

ሐሙስ ንጋት ላይ ዙኒልዳ ተስፋ ባይኖራትም ቦርሳዋን አዘጋጅታ በሩ ጋ ቆመች። «አባዬ፣ አውቶቡሱ ሊያልፍ ነው» አለች፣ እንዲሁ ለነገሩ ያህል።

የክፍላቸው በር ተከፈተ። ዶን አናስታሲዮ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«እንሂድ» አሉ።

ዙኒልዳ ቦርሳዋን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች።

«ካልመጣች እንግዲህ ልይ» አሉ አዛውንቱ። «የሠራችውን ልይ። አርባ ዓመት አጠገቤ ስትሠራ፣ ዓይኔ እንደ ጭልፊት ሳለ፣ አንዱንም አላየሁትም።»

ዙኒልዳ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። እሳቸው ግን ወደ ውጭ አልሄዱም፤ ወደ መስኮቱ ሄዱ። ጨርቁን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ የሴፌሪናን፣ የራሳቸውን፣ የልጅቷን፣ ሁሉንም ባንድ ላይ።

«ኒሚያ። አንቺ ያልነካሽው የእኔ የቱ ነው?»

ጣታቸውን ይዛ ወደ ዳር አመጣችው። የመጨረሻው የሠሩት አበባ ነው፤ እሷ መጠገን ባቆመችባቸው ቀናት የሠሩት። ዳሰሱት። ጠርዙን ዞሩት፣ መሐሉ ላይ ቆሙ።

«አስቀያሚ ነው?»

ኒሚያ እናቷን አየች፤ ከዚያ አበባውን። «አዎ» አለች። «አስቀያሚ ነው።»

ዶን አናስታሲዮ በአፍንጫቸው ተነፈሱ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አልታወቀም። ባርኔጣቸውን አጠለቁና በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ወጡ።

ኒሚያ ያን ቀን ትምህርት ቤት አልሄደችም። እናቷ ብትደውል ብላ ስልኩን አጠገቧ አድርጋ ዋለች፤ እስከ ቀትር ማንም አልደወለም። ሙቀቱ ሲከብድ ከፍሬሙ ፊት ተቀመጠች። ልማድ ሆኖባት ነው። ተቀምጣ ሳለ ነው የገባት፤ እስካሁን በዚህ ወንበር ላይ በድብቅ ስትሠራ፣ አያቷ የአንዲት ሴት መምጣት እየጠበቁ ሲተኙ፣ እሷም ሳታውቀው ትጠብቅ ነበር። ክሩን ወደ ግራ ባዞረች ቁጥር ከኋላዋ «አጥብቂው» የሚል ድምፅ የምትሰማ ይመስላት ነበር። ዛሬ ምንም የለም። ክፍሉ ክፍል ብቻ ነው። ሴፌሪና ሲቀበሩ ያልወጣላት እንባ አሁን መጣ፤ ጨርቁን እንዳያረጥብ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ አለቀሰች።

ቆይታ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ጠማማው አበባ ፊት ለፊቷ ነው። ሁለቱ ድር በአንድ ተያይዘዋል፣ አንድ ወገኑ ጎብጧል፣ ቋጠሮው ወደ ቀኝ ዞሯል። እጇ ሳታዘው መርፌውን አነሣ። ለማቃናት ብዙ አይፈጅም፤ አያቷ ሳይመለሱ ያልቃል።

የመርፌው ጫፍ የመጀመሪያዋን ክር ነካ።

ኒሚያ መርፌውን መለሰች። በጨርቁ ጠርዝ ላይ ሰካችውና እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ አበባውን እንደ ጠመመ ተወችው።